ያለ አስተርጓሚ

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ዛሬም ውሃ የለም። ጠዋት ጀሪካን ይዘን ታችኛው ቧንቧ ዘንድ ተሰለፍን። የደባርቅ ብርድ ሰውን ያሳጥራል… ሁሉም ጋቢው ውስጥ ተሰብስቦ ድንክ መስሏል። ጥበቃው ይጮኻል መሰለኝ፣ አፉ በተከፈተ ቁጥር እንፋሎት ይወጣዋል። ከእኛ ዞር ብሎ ያየው የለም። እኔን ሲያይ ፊቱ በራ። «አንቺ ንገሪያቸው፣ ተራ ይጠብቁ።»

እኔ ምንጊዜም «አንቺ ንገሪያቸው» ነኝ። ሰባት ዓመቴ ላይ ማጅራት ገትር ጆሮዬን ወስዶ ምላሴን ተወልኝ። እዚህ ኮሌጅ ካለነው መስማት የተሳነን ተማሪዎች ድምፅ አውጥቼ የማወራው እኔ ብቻ ነኝ ማለት ይቻላል። ሬጅስትራር እኔ፣ ዳቦ ቤት እኔ፣ ከባጃጅ ጋር ሲጨቃጨቁ እኔ። ያርጋል «የሰፈሩ ሬዲዮ» ይለኛል። ያርጋል ከበየዳ የመጣ የክፍሌ ልጅ ነው። ከተወለደ ጀምሮ አይሰማም፤ እንደሱ እጁ የሚፈጥን ሰው ግን አላየሁም።

ድምፄ እንዴት እንደሆነ አላውቅም። እማዬ አንድ ቀን «ትንሽ ወፍሯል» ብላ ጻፈችልኝ። አባባ ግን ይወዱታል። መሪጌታ ናቸው፣ ዳባት ዜማ ያስተምራሉ። ልጃቸው ከሰባት ዓመቷ ወዲህ ከዚያ ሁሉ ዜማ አንዱንም ሳትሰማ ስታድግ የቀረቻቸው ይህቺ ድምፅ ናት። ስለማወራቸውም የምልክት ቋንቋ ተምረው አያውቁም። ምን ያደርግላቸዋል?

የመስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ማዕከላችን ኃላፊ ወደ ጎንደር ተዛውረዋል። ወንበሩ ባዶ ነው። የምትቀመጥበት መምህርት ታንጉት እንደሆነች የሚጠራጠር የለም። (ራሷ ናት «አንቺ በሉኝ» ያለችን።) እንደ እኛው አትሰማም። ማስተርሷን ይዛ መጥታ፣ የአሮጌ ወንበር ማከማቻ የነበረውን ክፍል ጠርጋ ማዕከል ያደረገችው እሷ ናት። ከሷ ሌላ ማን አለና?

ሐምሌ ላይ እመረቃለሁ። አባባ ለዳባት ሰው ሁሉ ተናግረው ጨርሰዋል።


የካቲት 7፣ ዓርብ

ማስታወቂያ ተለጠፈ። የመስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ማዕከል ኃላፊ፦ ዶክተር ሰብስቤ።

ማን ነው እሱ? የትምህርት አስተዳደር መምህር። ሕንጻ «ለ»፣ ሁለተኛ ፎቅ። አንድም ምልክት አያውቅም። «ሰላም» እንኳ።

የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው አሉ…

ታንጉት እንደ ወትሮው ክፍል ገብታ አስተማረች። ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ጠመኔው እጇ ላይ ተሰበረ። ቁራጩን አንሥታ ቀጠለች። ደሜ ግን ፈላ።


የካቲት 10፣ ሰኞ

አዳራሽ ጠሩን። ትውውቅ ነው ተባለ። ዶክተሩ ይናገራል፣ ፍቅርአዲስ አጠገቡ ቆማ ታስተረጉማለች። ፍቅርአዲስ የኮሌጁ አስተርጓሚ ናት። ትሰማለች፣ ግን የእኛ ናት፤ ልደታችንን የማትረሳ።

«ከዛሬ ጀምሮ የእናንተ ድምፅ እኔ ነኝ» አለ።

የፍቅርአዲስ እጅ አየር ላይ ቆመ። ዶክተሩ ወደሷ ዞሮ ጠበቀ። ከዚያ አስተረጎመችው፤ ምን ታድርግ።

እኛ ስናጨበጭብ ሁለት እጃችንን ወደ ላይ አንሥተን እናርገበግባለን። ዛሬ አንድም እጅ አልተነሣም። ዶክተሩ ፈገግ እንዳለ ጠበቀ፣ ጠበቀ… በመጨረሻ እሱና ምክትል ዲኑ ለራሳቸው አጨበጨቡ። ያርጋል ሳቁን ሊቆጣጠር ጋቢውን ነከሰ።

ስንወጣ ዶክተሩ ወደ እኔ መጣ። ፊት ለፊቴ ቆሞ ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው፣ ከንፈሩ በደንብ ይነበባል። «አመተ ማርያም አንቺ ነሽ? በደንብ ትናገሪያለሽ አሉ። ከእኔ ጋር ትሠሪያለሽ፣ ለሌሎቹ የምፈልገውን በአንቺ በኩል እነግራለሁ።» ምክትል ዲኑ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። «ዕድለኛ ነሽ።»

«አስብበታለሁ» አልኩ። ጮክ ብዬ፣ በድምፄ። ለምን አልኩ? እንጃ። ሰውየው ክፉ አይደለም። አንጀቴን ያሳረረውም እሱ ነው… ክፉ ቢሆን ይቀል ነበር።

ለአዲስ መምህር ሁሉ የምልክት ስም እንሰጣለን። በአረማመዱ፣ በጠባሳው፣ በአሳሳቁ። የታንጉት ሌባ ጣትን ፍንጭት ጥርስ ላይ ማድረግ ነው። ለዚህኛው አልሰጠነውም። ስንጠራው ስሙን በጣት ፊደል አንድ በአንድ እንቆጥራለን፣ እንደ እንግዳ።


የካቲት 11፣ ማክሰኞ

ከሕንጻው ጀርባ ባሕር ዛፎቹ ሥር ተሰበሰብን። አንዷ «አመተ ገብታ ትንገራቸው» አለች። ሁሉም ወደኔ ዞረ። ልነሣ ስል ያርጋል መሃል ገባ።

«አመተ ከነገረቻቸው የሚሰሙት አመተን ነው። እኛን አይደለም።»

«ታዲያ ማን ይንገራቸው? ድንጋዩ?» አልኩት።

«ማንም። በቋንቋችን የሚያናግረን ኃላፊ እስኪያመጡ ድረስ ማንም አይናገር። ድምፅ የለም፣ አስተርጓሚ የለም፣ ወረቀት የለም። አንቺም ድምፅሽን አስቀምጪው።»

ተናደድኩ። ድምፄ ምን አደረገህ አልኩት። ዕድሜዬን ሙሉ የተረፈኝ እሱ አይደል እንዴ? ይህን ሁሉ ጊዜ ዳቦህን ማን ገዛልህ?

ያርጋል አልተቆጣም። «አባቴ እኔን ሲፈልገኝ ጠጠር ወርውሮ ነው የሚጠራኝ» አለ። «ያንቺ አባት ግን ፊትሽ ቆመው በስምሽ ይጠሩሻል። ለምን? እነሱን ስለምትመስያቸው። እዚህም እንደዚያው ነው። እኔ ጠጠር ሰልችቶኛል አመተ።»

ድምፅ ተሰጠ፤ ማለት እጅ ተነሣ። እኔም አነሣሁ።

ከነገ ጀምሮ ዝም። እስከ መቼ እንደምችለው እንጃ።


የካቲት 13፣ ሐሙስ

የማዕከሉ ደረጃ ላይ ተቀመጥን። ክፍል የገባ የለም። አቡጀዲ ላይ በጥቁር ቀለም የጻፍነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ኃላፊያችን በቋንቋችን ያናግረን።» ታንጉት እንድትሾም ነው የምንፈልገው፣ ይህን ደግሞ ግቢው በሙሉ ያውቀዋል።

ፍቅርአዲስን እጅሽን ኪስሽ ውስጥ ክተቺ አልናት። «እኔስ ከሥራ ስባረር?» አለች። ያርጋል «ያኔ እኛ እናስተረጉምልሻለን» አላት። ሳቀች፣ ዓይኗ ግን አልሳቀም። ከዚያ ሁለት እጇን የጃኬቷ ኪስ ውስጥ ከታ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች።

ረፋድ ላይ ምክትል ዲኑ መጣ። በእጁ ምን ይዟል? ሜጋፎን!

እግዚአብሔር ያሳያችሁ… መስማት ለተሳነው ሰው ሜጋፎን። ደረጃው ሥር ቆሞ አፉ ላይ ደቅኖ ሲናገር የሕንጻው መስኮት ሁሉ ተከፈተ። ሌላው ተማሪ ጆሮውን ይይዛል። እኛ አፉን እንኳ ማየት አንችልም፣ ሸፍኖታል። ሦስተኛ ደረጃ ላይ ያለችው ልጅ ሹራቧን መሥራት አላቆመችም። ሲደክመው ሜጋፎኑን ገልብጦ አየው፣ የተበላሸ መስሎት ይሆናል።

ሆዴ እስኪያመኝ ሳቅሁ። ያለ ድምፅ መሳቅ ከባድ ነው ለካ።


የካቲት 14፣ ዓርብ

የሚሰሙት ተማሪዎች ቆሎ አመጡልን። አንዱ ስልኩ ላይ ጽፎ አሳየኝ፦ «ፖለቲካ ነው እንዴ?» አልፈረድኩበትም። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል። ሰው ተሰብስቦ ያየ ሁሉ ይደነግጣል። አቡጀዲውን በጣቴ አሳየሁት። አነበበው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ተቀመጠ። ወረቀት አይቀበሉም ብለው የነገሩት መሰለኝ፣ ከዚያ በኋላ ስልኩን አላወጣም።


የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ጾም ከገባ ሁለተኛ ቀኑ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የለም፣ ንፋሱ ደግሞ ከሊማሊሞ በኩል አጥንት ይቆረጥማል።

ዛሬ ብዙ ሆነው መጡ። ምክትል ዲኑ፣ ዶክተሩ፣ ጥበቃዎች፣ የማላውቃቸው ባለ ኮት ሰዎች። ሜጋፎን የለም። በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ካርቶን ይዘዋል። ተምረዋል ማለት ነው።

ያርጋል ምልክቱን ሰጠ። ዓይናችንን ጨፈንን። ከእሱ በቀር ሁላችንም።

ይህን ለሚሰማ ሰው እንዴት አድርጌ እጽፈዋለሁ? እነሱ ዓይናቸውን ቢጨፍኑ ዓለም እዚያው ናት፤ ያወራል፣ ይስቃል፣ ዕቃ ያንኳኳል። እኛ ስንጨፍን ምንም የለም። ማን አጠገብህ እንደቆመ፣ ዱላ ይነሣ፣ ይሂዱ አይሂዱ… ምንም። ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም።

እጅ ለእጅ ተያይዘናል። ከዳር ያርጋል ብቻ ዓይኑን ገልጧል። አንድ ጊዜ ከጨበጠ «አሉ»፣ ሁለት ጊዜ ከጨበጠ «ሄዱ» ነው። ጭብጡ ከእጅ ወደ እጅ ይመጣና እኔ ዘንድ ይደርሳል፣ እኔም ወደ ግራ አሳልፈዋለሁ። አንድ። ቆየ። እንደገና አንድ። ፊቴ ላይ ትንፋሽ ተሰማኝ፤ የቡና ሽታ ያለው። ካርቶኑን አፍንጫዬ ሥር ደቅነውት ይሆናል። ስሜን እየጠሩ ይሆናል። እንደምናገር የሚያውቁት እኔን ነዋ።

አልገለጥኩም።

ፀሐይ ከጉንጬ ወደ አንገቴ ስትወርድ ሁለት ጭብጥ መጣ። ስገልጥ ብርሃኑ አስነጠሰኝ። ካርቶኑ መሬት ላይ ወድቋል፣ በግንባሩ። ያነሣው የለም። ፍቅርአዲስ ግድግዳው ዘንድ ታለቅሳለች፣ እጇ አሁንም ኪሷ ውስጥ ነው።

እንደዚህ ኮርቼ አላውቅም።


የካቲት 21፣ ዓርብ

የማዕከሉን መብራት ቆረጡት። ለእኛ መብራት ማጥፋት አፍ መክደን ነው፣ ይህን ማን እንደነገራቸው እንጃ። ይሁን። ፀሐይ የዲኑ አይደለችም። ስብሰባውን ሜዳ ላይ አደረግነው።


የካቲት 25፣ ማክሰኞ

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ምሳ ላይ ፍቅርአዲስ አጠገቤ ተቀምጣ እጇን ከጠረጴዛው ሥር አድርጋ፣ በትንንሹ፦ «አባትሽን ጠርተዋል። ሐሙስ ይመጣሉ።»

ሽሮውን ወደ ጎን ገፋሁት።

ብልጠታቸው ገባኝ። መሪጌታ ናቸው፣ የሃይማኖት አባት ዓይነት ሰው፣ ልጃቸውን ይገሥጻሉ። እኔ ለማንም ባልናገር ለአባባ እናገራለሁ። እኔ ከተናገርኩ ሌላው ይፈታል። ምክትል ዲኑ ትምህርቴን እንደሚያስቆርጠኝም ተናግሯል አሉ። እማዬ ሰምታ ነው መሰለኝ መልእክት ልካለች፦ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። አርፈሽ ተማሪ።» እማዬ፣ ዝም ብዬ አይደል እንዴ የተጣላሁት!

ለአባባ ልናገር? ለእሳቸው ብቻ? ያርጋልን ልጠይቀው አስቤ ተውኩት። ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ፣ እኔም ምን እንደምለው።


የካቲት 27፣ ሐሙስ

ግማሹን ከከንፈራቸው ያየሁት ነው፣ ግማሹን ፍቅርአዲስ በኋላ የነገረችኝ።

የምክትል ዲኑ ቢሮ። ዶክተሩ በስተቀኝ፣ ፍቅርአዲስ በሩ ዘንድ። አባባ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጥምጥማቸው እንደ ዓመት በዓል ተስተካክሎ ገቡ። ለሁሉም እጅ ነሱ። «ጾመ ድጓውን ለተማሪዎች ትቼ ነው የመጣሁ» አሉ። «ምን ተገኘ?»

ምክትል ዲኑ «መሪጌታ፣ ልጅዎ እንደኛው መናገር እየቻለች ዝም አለችን፣ ሌሎቹንም አሳደመች። እስቲ እርስዎ ያናግሯት።»

አባባ ወደኔ መጡ። እንደ ልጅነቴ አገጬን በጣታቸው ቀና አደረጉት፣ ከንፈራቸውን እንዳይ። ጢማቸው ሸብቷል። በዓለም ላይ እንደሳቸው ከንፈር በደንብ የማነበው የለም።

«አመተ። ልጄ። ምን ሆነሻል? ንገሪኝ።»

አፌ ተከፈተ። እውነት ነው፣ ተከፍቶ ነበር። ምክትል ዲኑ ከወንበሩ ወደፊት ሲጠጋ አየሁት። ዓይኑ አፌ ላይ ነው፤ አጥንት እንደሚጠብቅ ውሻ። ዘጋሁት።

በእጄ «አባባ፣ ዛሬ አልናገርም» አልኳቸው። እጄን አዩ። ከዚያ ፊቴን። እንደገና እጄን። አልገባቸውም፣ እንዴት ይገባቸዋል?

«ለእኔም ነው?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

ዓይናቸው ቀላ። አገጬን ለቀቁት። እጃቸው ግን እዚያው አየር ላይ ትንሽ ቆየች። አፌን ብለቀው ኖሮ መናገር ሳይሆን መጮህ ነበር።

ምክትል ዲኑ ወረቀት ገፋላቸው። ልጄን ከአድማ አስወጣለሁ፣ ባላስወጣ ለሚደርስባት ኮሌጁ ተጠያቂ አይደለም፣ ፊርማ። አባባ መነጽራቸውን አውጥተው እስከ ታች አነበቡ። ከዚያ ወደ ዶክተሩ ዞሩ።

«እርስዎ ነዎት በነዚህ ልጆች ላይ የተሾሙ?»

«አዎ መሪጌታ።»

«ቋንቋቸውን ከማን ዘንድ ተማሩት?»

ዶክተሩ ምክትል ዲኑን አየ። «አልተማርኩም። አስተርጓሚ አለን።»

«እንዲያ ነው?» አሉ አባባ። ቀስ ነው የሚናገሩ፣ ሁልጊዜም። «እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ የለም። እኔ ድጓውን ተምሬ፣ ከመምህሬ ፊት ቆሜ ተፈትኜ መስክሬ ነው የማስተማሪያ ወንበር የዘረጋሁ። ያልመሰከረ ሰው ወንበር ቢዘረጋ ተማሪው አኮፋዳውን አንሥቶ ወደ ሌላ ደብር ይሄዳል። ጥፋተኛ የሚለውም የለ።»

«መሪጌታ፣ ይሄ ኮሌጅ ነው» አለ ምክትል ዲኑ።

«አየሁት። አጥሩ ረዥም ነው።»

ወረቀቱን ሳይፈርሙ አጥፈው ጠረጴዛው ላይ መለሱት። እጅ ነሥተው ወጡ።

ተከትያቸው ሮጥኩ። ይቅር ያሉኝ መስሎኝ ነበር። መናኸሪያ እስክንደርስ ዞር ብለው አላዩኝም። ሚኒባሱ በር ላይ ቆሙ፣ ያኔ ዞሩ።

«እነሱን ንሺያቸው፣ ይገባቸዋል። እኔን ግን፣ ከሰው ፊት፣ ድምፅሽን…»

የቀረውን አላየሁትም። ፊታቸውን አዙረው ገቡ። «አባባ» ጉሮሮዬ ላይ ደርሳ ነበር። ረዳቱ በሩን ዘጋው።


የካቲት 28፣ ዓርብ

መልእክት ላክሁላቸው። አልመለሱም። ደረጃው ላይ ዋልሁ።


መጋቢት 3፣ ረቡዕ

አሸነፍን? አዎ አሸነፍን… ቆይ ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ሰኞ የሚሰሙት የልዩ ፍላጎት ተማሪዎች እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከትተው መጥተው ከደረጃው ሥር ተቀመጡ። የፍቅርአዲስን አይተው ነው። የኮሌጁ ቦርድ ደነገጠ፣ ከእኛ ጋር የሚነጋገርበት ሰው አጣ። ታንጉትን ጠርተው «አንቺ አስተርጉሚልን» አሏት። ወረቀት ላይ ጻፈችላቸው፦ «አስተርጓሚ አይደለሁም። መምህርት ነኝ።» ወጥታ ሄደች።

ትናንት ዶክተር ሰብስቤ ራሱ ሹመቱን መለሰ። ስብሰባው ላይ «ሽማግሌው ለጠየቁኝ መልስ የለኝም» አለ አሉ። ያርጋል ይህን ሲሰማ «ታዲያ አባትሽ ናቸው ያሸነፉት» አለኝ። «በብርድ የተቀመጥኩት እኔ፣ ያሸነፉት እሳቸው?» አልኩት። «እሺ፣ እሺ» አለ እየሳቀ። ግን እውነት ነው። ሽማግሌው አንድ ጊዜ ጠየቁ። እኛ በየቀኑ ጠየቅን።

ታንጉት ተሾመች። «ተጠባባቂ ኃላፊ።» ማስታወቂያው ሲለጠፍ ግቢው በሙሉ እጅ ሆነ፣ ወደ ላይ፣ እየተርገበገበ። የጽዳት ሴቶቹ ሳይቀሩ መጥረጊያቸውን ጥለው አርገበገቡ።

ከታች ግን ሌላ አንቀጽ አለው። ሥርዓት ያጓደሉ ሁለት ተማሪዎች፣ ያርጋልና አመተ ማርያም፣ የይቅርታ ደብዳቤ ካላቀረቡ ከዚህ ሴሚስተር ይታገዳሉ። ማለትም ሐምሌ የለም።

ያርጋል ማታውኑ ጻፈ። በየዳ አንዴ ከተመለሰ እርሻው ይውጠዋል፣ ተመልሶ አይመጣም። «ትታዘቢኛለሽ?» አለኝ። አልታዘብኩትም። እኔ ግን አልጽፍም።


መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ታንጉት ቢሮዋ ጠራችኝ። አዲሱ ቢሮ፣ ያ ወንበር። መስኮቱን ከፍታ መጋረጃውን ጠቅልላ አስራዋለች፣ ብርሃን እንዲገባ።

«ጻፊ» አለችኝ። «አንድ መስመር ነው።»

«ምን አጠፋሁ ብዬ?»

«ምንም። ግን ጻፊ።»

«አንቺ ትጽፊ ነበር?»

«ተጠባባቂ ነኝ አመተ። ሊያነሡኝ ምክንያት ነው የሚፈልጉ። አንቺን ብምርሽ ‹ለወገኗ አደላች› ይላሉ። ሐምሌ ላይ እንድትመረቂ እፈልጋለሁ። ዳባት ያሉት ልጆች አስተማሪ የላቸውም።»

«ያላጠፋሁትን አጠፋሁ ብዬ ሄጄ ነው የማስተምራቸው? አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ።»

«አረሙ የኔ ሥራ ነው። አንቺ ተመረቂ።»

«ለዚህ ነው ደረጃ ላይ የከረምኩልሽ?»

ጠረጴዛውን መታች። እኔም መታሁ። ብዕር ማስቀመጫው ወደቀ፣ ያነሣው የለም። ስለ ብርዱ አነሣሁባት፣ ስለ አባባ አነሣሁባት። እሷ ለስንት ዓመት ከአለቆች ፊት ቆማ እንደተዋረደች አነሣች፤ እኔ ገና ጥርስ ሳላወጣ። የእጄ አንጓ አመመኝ። አንዱም ቃሏ አላመለጠኝም፣ የእኔም አላመለጣት። በመስኮቱ የሚያልፉ ተማሪዎች ቆመው ያያሉ። ይዩ።

«አትጽፊም?»

«አልጽፍም።»

የእገዳውን ደብዳቤ ከመሳቢያ አወጣችና ማኅተሙን ራሷ መታችው። ደብዳቤውን ስትሰጠኝ ዓይኔን አላሸሸችም። «መስከረም እጠብቅሻለሁ» አለች። ተቀብዬ በሩን ወርውሬ ዘጋሁት። እንዴት እንደጮኸ አላውቅም፣ ግድግዳው ግን ተንቀጠቀጠ።

አሁንም ተናድጃለሁ። ዕቃዬን እየሸከፍኩ ነው።


መጋቢት 8፣ ሰኞ። ዳባት

ከሚኒባሱ ስወርድ አባባ ቆመዋል። እማዬ ነግራቸው ነው። ሳምኳቸው፣ ሳሙኝ። ሻንጣዬን ያዙልኝና መንገድ ጀመርን።

ወተት ተራውን እንዳለፍን ቆሙና ዞሩልኝ፣ ከንፈራቸውን እንዳይ።

«ማን ነው የቀጣሽ?»

«መምህርት ታንጉት» አልኩ። በድምፄ። ከከረመበት ሲወጣ ጉሮሮዬን ፋቀኝ። አባባ ትንሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከዚያ ገለጡ።

«ያች የለፋችሁላት?»

«አዎ። ተጣላን።»

«ከአለቃሽ ጋር? በምን ተጣላችሁ?»

«ይቅርታ ጻፊ አለችኝ። አልጽፍም አልኳት። ብዙ ተከራከርን።»

«ማን አስተረጎመላችሁ?»

ልመልስ ስል ቆምኩ። ቢሮው፣ ጠረጴዛው፣ የወደቀው ብዕር ማስቀመጫ… እዚያ ክፍል ውስጥ ከሁለታችን ሌላ ማንም አልነበረም። ዕድሜዬን ሙሉ ከአለቃ ጋር እንዲያ ተጣልቼ አላውቅም። በድምፄ እንኳ።

«ማንም» አልኩ።

አባባ ራሳቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ። «ረታሽ ተረታሽ?»

«ተረታሁ።»

«በደንብ ተከራከርሽ?»

«በደንብ አባባ።»

ትንሽ ሄድንና እንደገና ቆሙ። «ተከራከርኩ የሚለውን በእጅ እንዴት ነው የምትሉት?»

አሳየኋቸው። ሻንጣውን ከመንገዱ መሃል አስቀመጡት፣ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ፣ ሁለት እጃቸውን አውጥተው ሞከሩ። ተሳሳቱ። ጣታቸውን ይዤ አስተካከልኩላቸው፣ እንደገና ሞከሩ። ከኋላችን ባጃጅ ቆሟል። ሹፌሩ ጡሩንባ ይነፋ ነበር መሰለኝ፣ እጁ መሪው መሃል ላይ ነው። አባባ ዞር አላሉም።